ሽማግሌ እያለ ፍርድ ቤት ምን አስኬዳት? (ክርክር)

ጃን ተከል (አድሚን)፦
ሰላም ጎንደሬዎች። ማታ በድምፅ ያነሳነው ነገር ሳይቋጭ ሰዉ ተበተነ፣ ስለዚህ እዚህ በጽሁፍ እንቀጥል። ጥያቄው፦ ሴት ልጅ መሬቷን ስትነጠቅ፣ ስትደበደብ፣ አረገዝሽ ተብላ ከሥራ ስትባረር ቀጥታ ትክሰስ ወይስ መጀመሪያ በሽማግሌ ይታይ? ማታ ግማሻችሁ ክስ ቤት ያፈርሳል ብላችኋል፣ ግማሻችሁ ደግሞ ያለ ክስ የተገኘ መብት የለም። ስድብ የለም፣ ስም ጠርቶ የሰው ገመና ማውጣት የለም፣ ያወጣ ይወጣል።

ጋሼ አዘዞ፦
እኔ ዕድሜዬን በሽምግልና ነው የጨረስኩት፣ ስለዚህ አላዳላም ብዬ አልዋሽም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ዳኛው ፈርዶ መዝገቡን ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ አንድ ወንዝ የሚቀዱት፣ አንድ ደጀ ሰላም የሚስሙት፣ ለቅሶ ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ያቺ ሴት ዘመዶቹ አኩርፈዋት፣ በየቀጠሮው ከገጠር እየተመላለሰች፣ ይሄው መንገዱም አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ በሆነበት ዘመን፣ ተሟግታ ብታሸንፍ ምን አተረፈች? መብት የላትም አላልኩም። መብቷን ይዞ የሚያቆይላት ዘመድ ነው ነው የምለው።

ፒያሳ ቦይ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። ይሄ ክስ ክስ የሚባለው የኤንጂኦ ነገር ነው፣ ባህላችን አይደለም። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይባል የለ

ማራኪ፦
ፒያሳ ቦይ ተረትህን ለእናትህ ንገራትና ምን እንደምትልህ መጥተህ ጻፍልን ሃሃሃ። ክስ ባህላችን አይደለም ያልከው ግን ገርሞኛል፣ ጎንደር ተወልደህ! በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ያለው ማን ነው፣ ኤንጂኦ ነው? ለአንድ ጥማድ ርስት ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሲሟገት የኖረ አገር እኮ ነው፣ ርስቱንም ሴት ልጅ በእናትም በአባትም ወገን ትወርስ ነበር። ወንዱ ለወሰን ሲካሰስ አንደበተ ርቱዕ ይባላል፣ እሷ ስትከስ ጊዜ ባህል ትዝ ይላችኋል።

ጋሼን ደግሞ በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሽማግሌው የወሰነውን አልቀበልም ብላ መውጣት ትችላለች ወይ? ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 34(5) የቤተሰብን ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት የሚቻለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው ይላል። ወረቀት ላይ ብቻም አልቀረም። ከድጃ በሽር የምትባል ሴት የውርስ ጉዳይዋን ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዳያየው ተቃውማ ሳለ አየው፣ አቤት እያለች ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰች፣ በ1996 ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግስቱን ይጥሳል ተባለ። ያንን እምቢ የማለት መብት ያስከበረው ክስ ነው። እምቢ ማለት የማትችልበት ሽምግልና ለኔ እርቅ አይባልም።

የደምቢያ ልጅ፦
እኔ የአክስቴን ልንገራችሁ፣ ስሟንም ቀበሌውንም አልጠራም። ባሏ ሌላ ትዳር ያዘና መሬቱን ጠቅልሎ ያርስ ጀመር። የመሬት ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም አለ፣ የሁለቱም ፎቶ አለ፣ የሷ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባ ካሜራውን የተቆጣችው ትመስላለች። ሽማግሌ ተቀመጠ። አንድ ጊደርና ሁለት ኩንታል ጤፍ ይስጣትና ወንድሞቿ ዘንድ ትግባ አሉ። ደብተሩን አውጥታ ስታሳያቸው አንደኛው ፎቶዋን ትንሽ አየት አደረገና «ይሄማ ለመንግስት የተነሳችሁት ነው» አላት። በቃ እንዲህ ነው ያላት። ከዛ ራፖር ጻፊ ጋ ሄዳ አቤቱታ አስጻፈች፣ የዳኝነት የምትከፍለው ስለሌላት በደሃ ደንብ ተፈቀደላትና መጥሪያ ወጣ። አሁን ነው ጉዱ። መጥሪያው ለባልየው በደረሰ በሳምንቱ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ ያው ሰዎች፣ ያንኑ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና እኩል ይካፈሉ አሉ! በእርቅ አለቀ፣ ፍርድ ቤቱም እርቁን መዝግቦ መዝገቡን ዘጋው። ጋሼ ይሄን የሽምግልና ድል ነው ይሉኝ ይሆናል፣ እኔ የመጥሪያው ነው እላለሁ።

ጋሼ አዘዞ፦
እነዚያን ሽማግሌ አትበላቸው ልጄ፣ የባልየው አበልጆች ይሆናሉ። ግን እኔም የማውቀው አለ። ፍርዱን በእጇ ይዛ ሁለት ክረምት መሬቱን ሌላ ሲያርሰው የምታይ ሴት አውቃለሁ። አፈጻጸም አፈጻጸም እያሉ ያመላልሷታል።

ቁስቋም፦
አዎ ጋሼ የነኩት ነው ዋናው ነገር፣ እኔ ደግሞ ልጨምርበት ምክንያቱም ማራኪ ሕጉን ያለቀለት አድርገሽ ነው የምታወሪው። አርሲ ላይ በ1993 የተጠለፈችውን የ13 ዓመት ልጅ አስታውሱ። ጠላፊው 10 ዓመት፣ ግብረ አበሮቹ 8 ዓመት ተፈረደባቸው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁሉንም ለቀቃቸው። አገር ውስጥ ያለው በር ሲዘጋ ጉዳዩ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄደና በ2008 ኢትዮጵያ ጥፋተኛ ናት፣ ለልጅቷ 150 ሺህ ዶላር ካሳ ትክፈል ተባለ። ከ1993 እስከ 2008 እናንተው ቁጠሩት፣ ልጅቷ እስከዛ ትልቅ ሴት ሆናለች። ደግሞ እኛ አገር ዳኛ አዋጁ ሕገ መንግስቱን ይጥሳል ብሎ አይሽርም፣ ትርጉሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ ነው። የቦትስዋናዋ ዩኒቲ ዳው ልጆቼ አባታቸው የውጭ ሰው ስለሆነ ብቻ እንዴት ዜግነት ይከለከላሉ ብላ መንግስትን ከሳ በፈረንጅ 1992 አሸንፋለች፣ ያንን ዓይነት ክስ እዚህ ተራ ችሎት ላይ አታገኝውም። ወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ስለ አስገድዶ መድፈር ሲያወራ ከጋብቻ ውጪ ይላል፣ ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዛ አንቀጽ አይከሰስም። እስኪ ይሄን በየትኛው መዝገብ ታስወጪዋለሽ?

ማራኪ፦
620ን በመዝገብ አላስወጣውም፣ ፓርላማ ነው የሚያስወጣው፣ እሱን ተቀብያለሁ። ግን ፓርላማ እንዲሁ ተነስቶ አይነቃም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ይሄ የቀረው ከ1997 ጀምሮ በሚሠራው አዲሱ ወንጀል ሕግ ነው፣ እዛ የተደረሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጠላፊዋን የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ጥብቅና ቆሞ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነፃ ካወጣት፣ አገሩ ሁሉ ጠለፋ ባህል ነው ወይስ ወንጀል ብሎ ከተነጋገረ በኋላ ነው። በ2001 የበጎ አድራጎት አዋጁ መጥቶ በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ሲታሰር ያ ማህበር ምን ያህል እንደተዳከመ ታውቃለህ፣ አዋጁ እስኪሻር እስከ 2011 ድረስ። ክስ ዋጋ ከሌለው ለምን ፈሩት?

ፒያሳ ቦይ፦
እኔ ቀልዴን ነው እናንተ ሴሚናር አደረጋችሁት

መምህርት እታለም፦
እኔ ከገጠር ትምህርት ቤት ነኝ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ ላይ የማየውን ልናገር። ሕጉ ግልጽ ነው፣ 18። ወንጀል ሕጉ 648 ደግሞ ልጅቷ 13 ካልሞላት እስከ 7 ዓመት፣ 13 እና ከዛ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። ችግሩ ዕድሜዋን ማን ይመስክር ነው። የልደት ካርድ የላትም፣ አባትየው «19 ሞልቷታል፣ ቀጭን ሆና ነው» ይላል፣ ሆስፒታል መርምሮ የሚሰጠው ግምት ነው፣ ምስክር ትሁን የምትባለው ክርስትና እናቷ የሰርጉን ጠላ እየጠመቀች ነው! በዚህ ዓመት አንዷን ያተረፍኳት በፖሊስ ሳይሆን በቄሱ ነው፣ ይሄን አልባርክም አሉ ሰርጉ ቀረ።

ጋሼ አዘዞ፦
ይኸው!

ማራኪ፦
እታለም፣ ቄሱ ግን ለምን እምቢ አሉ? ዝም ብለው?

መምህርት እታለም፦
እውነቱን ልንገርሽ፣ አጠገባችን ባለው ቀበሌ አምና አንድ አባት ተከሶ ነበር። እሱን ሰምተዋል። ራሳቸው ነግረውኛል፣ «የኔንም ስም እዛ ወረቀት ላይ ያስገቡታል» ብለው።

የደምቢያ ልጅ፦
ያው መጥሪያው ነው ማለት ነው ሃሃሃ

ፀደይ፦
ይቅርታ ክርክሩን ላቋርጥ። እህቴ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበረች፣ ሆዷ ሲታይ «ደንበኛ ይደብረዋል፣ ወልደሽ ተመለሽ» አሏትና ሌላ ቀጠሩ። የተፈረመ ውል የላትም። ይሄ ይከሰሳል?

ማራኪ፦
በደንብ ይከሰሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡርን በእርግዝናዋም ወቅት ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ማሰናበት ይከለክላል፣ እንደውም 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት፣ 30ው ከመውለዷ በፊት 90ው ከወለደች በኋላ። የጽሁፍ ውል አለመኖሩ መብቷን አያሳጣትም። ደመወዟ በቴሌብር ይገባላት ከነበረ እሱን አውጪ፣ የጤና ጣቢያውን የእርግዝና ክትትል ካርድ ያዢ፣ አብራት የምትሠራ አንድ ደፋር ፈልጊ። መቼ ነው ያባረሯት? ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ ያግደዋል።

ፀደይ፦
ከፋሲካ በፊት። ኧረ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ጠበቃ የምንከፍለውም የለንም

ማራኪ፦
ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ነገ ጠዋት እዛ ሂዱ፣ ከነገ ወዲያ አትበይ።

ጋሼ አዘዞ፦
ፀደይ ልጄ፣ የባለቤቱን ስም በውስጥ ላኪልኝ። የማውቀው ሰው ከሆነ ሄጄ ላናግረው።

ማራኪ፦
ያናግሩት ጋሼ። ክሱ ከገባ በኋላ ግን።