ጥናቱ አለ፣ ኑሮው የለም

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቤት ለቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ኅብረት እመራለሁ። ስምንት ነን፣ ሐሙስ ማታ በየተራ ቤት እንገናኛለን። የያዕቆብን መልእክት ስንጀምር አምስት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ ቶሎ እንጨርሳለን ብዬ ነበር፣ ሦስት ወር ፈጀብን። እሱስ ምንም አይደል። ምዕራፍ 1 ቁጥር 22 ላይ፣ ቃሉን ሰምቶ ሳያደርጉት ስለመቅረት የሚናገረው ጋ ስንደርስ ሁሉም "አሜን" አለ። ከዚያ ሻይ፣ ዳቦ፣ ጸሎት፣ ደህና እደሩ።

አንድ ነገር ሞከርኩ። እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ የሚያደርገውን አንድ ነገር በብጣሽ ወረቀት ይጽፍና ሐሙስ ሲመጣ ምን እንደሆነ ይነግረናል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው የተናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። በሦስተኛው፣ "ከእህቴ ጋር እታረቃለሁ" ብሎ የጻፈው ልጅ ጭራሽ ቀረ። ስደውልለት "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለኝ (ሥራ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን)። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ተውኩት፣ ተመልሰን ማንበብና መወያየት ብቻ ሆነናል።

እንዲህ ዓይነት ቡድን የመራችሁ፣ የቤት ሥራ እንደሚያርም አስተማሪ ሳትሆኑ፣ ያልሆነለትንም ሰው ሳታሸማቅቁ "ያልከው ነገር እንዴት ሆነ?" ብላችሁ የምትጠይቁት እንዴት ነው?