አስቲ አካባቢ ለወይን ለቀማ ልገባ ነው፤ የሠራችሁ ሰዎች ንገሩኝ

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጣሊያን፣ ቶሪኖ ነው። እስካሁን የሠራሁት አረጋውያን መንከባከብ ነው። አሁን በሰው በሰው አስቲ ኮረብታዎች ላይ ወይን ካለው አንድ ቤተሰብ ጋር ተገናኘሁ። አባትና እናት፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ ኖኖ (ወንድ አያት) ናቸው። ማሳቸው አብዛኛው ባርቤራ የሚባለው የወይን ዓይነት ነው፤ ኔቢዮሎ የሚባለውም ትንሽ አላቸው። ራሳቸው ይለቅማሉ፣ ራሳቸው ይጠምቃሉ፣ ስማቸውን ጠርሙስ ላይ ለጥፈው ይሸጣሉ።

ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ ነይ ብለውኛል። ለቀማው ሲያልቅ ካንቲና (ወይኑ የሚጠመቅበት ቤት) ውስጥም እንዳግዛቸው ይፈልጋሉ። ሥራው ምን ይመስላል? ጎበዝ ለቃሚ የሚባለውስ ምን የሚያደርግ ሰው ነው? ካንቲና ውስጥ ደግሞ ምን እየተሠራ እንደሆነ ሳይገባኝ ዝም ብዬ ባልዲ ማመላለስ አልፈልግም። ስለ ውልም የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። አመሰግናለሁ።

ኩኔዮ_ነኝ፦

እንኳን ደስ አለሽ። ባጭሩ፦ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ ጓንት፣ ብዙ ውሃ። ጠዋት ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ያቃጥላል፤ ደራርበሽ ልበሺ። መጀመሪያ ላይ ወገብሽን ያምሻል፣ ከዚያ ይለምዳል። ተርብ በሽ በሽ ነው። ንድፊያው ክፉኛ የሚያሳብጥሽ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

የአስቲዋ፦

እህቴ፣ እኔ አስቲና አልባ መካከል ባለ ኮረብታ ላይ፣ ልክ እንዳንቺዎቹ ያለ ቤተሰብ ዘንድ ነው የምሠራው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ይህን ሥራ በጣም ነው የምወደው።

ጎበዝ ለቃሚ ብዙ ሳጥን የሞላው እንዳይመስልሽ። ጎበዝ ማለት መሬት ላይ የሚጥለውን የሚያውቅ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ትልልቆቹ ድርጅቶች የመለያ ጠረጴዛ አላቸው። ወይኑ እያለፈ ሰውም ማሽንም ይመርጠዋል። ትንሽ ቤተሰብ ይሄ የለውም። ሳጥኑ ከማሳ እንደመጣ ቀጥታ ማሽን ውስጥ ይገለበጣል። አንቺ ያሳለፍሽውን ብልሽት ከዚያ በኋላ የሚያርም እጅ የለም።

ባርቤራ እንዴት እንደሚለቀም ላሳይሽ። ዘለላውን በግራ እጅሽ ከሥር ትደግፊዋለሽ። በቀኝሽ አንገቱን በመቀስ ትቆርጫለሽ። ወዲያው ሳጥን ውስጥ አትክተቺው። ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ፤ ፀሐይና ንፋስ የማያገኘው ወገኑ ነው ቶሎ የሚበሰብሰው። የባርቤራ ፍሬ ተጠጋግቶ ስለሚያድግ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ሆዱ ውስጥ ነው። ወይን የምታጠቃ ትንሽ የእሳት ራት አለች። ትሏ አንድ ፍሬ ትበሳለች፣ ጭማቂው ይወጣል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው ሁሉ ይሻግታል። ስለዚህ በአውራ ጣትሽ ፍሬዎቹን ፈልቀቅ አድርገሽ ወደ ውስጥ ተመልከቺ። ግራጫ ሻጋታ ካየሽ ያን ክፍል በመቀሱ ጫፍ ቆርጠሽ ጣይ፣ የቀረውን ያዢ። ከዚያ አሽትቺው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለሽ አታመንቺ፣ ሙሉውን ጣይው።

ሳጥኑን እስከ አፉ ጢም አድርገሽ አትሙዪው። ሲደራረብ ከታች ያለው ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀው ደግሞ ፀሐይ ላይ ከቆየ እዚያው መፍላት ይጀምራል። የሞላ ሳጥን 20 ኪሎ ገደማ ነው። ከረድፉ ሥር ጥላ ፈልገሽ አስቀምጪው፣ ትራክተሩ መጥቶ ይሰበስበዋል።

ብዙ ጊዜ በአንድ ረድፍ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ ነው የሚለቀመው። መቀሱ የራስሽን ግራ እጅ ወይም ከማዶ ያለውን ሰው ጣት ሊያገኝ ይችላል። ጫፉ የት እንዳለ ሳታዪ አትቁረጪ።

አንድ ሌላ ነገር። ቅጠሉ ከጊዜው በፊት ቀልቶ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ፍሬው የጠወለገ ተክል ካየሽ ለባለቤቶቹ ንገሪያቸው። ፍላቬሼንሳ ዶራታ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ከተክል ወደ ተክል የምታስተላልፈው ትንሽ ዘላይ ነፍሳት ናት። ፈውስ የለውም፤ የታመመው ተነቅሎ ይጣላል። ባርቤራ ደግሞ በዚህ በሽታ ክፉኛ ይጠቃል። እዚህ ክልላችን ፒዬሞንቴ ውስጥ ስንቱን ቤተሰብ አስለቅሷል። ረድፍ በረድፍ ያለፈ ለቃሚ ከማንም ቀድሞ ሊያየው ይችላል፤ ዝም ብለሽ አትለፊ።

ኔቢዮሎው ኦክቶበር ድረስ ይቆይሻል። ከሌሎቹ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይበስላል። ያን ሁሉ ጊዜ ቤተሰቡ በረዶና ዝናብ እየፈራ ነው የሚከርመው። ኖኖው እራት ላይ ዝም ካሉ ተቆጥተው አይደለም፣ የአየር ትንበያ ሰምተው ነው።

አሁን ወደ ካንቲና እንግባ። ማሽኑ ፍሬውን ከዘለላው እንጨት ይለያል፣ ትንሽም ይሰነጥቀዋል። ጭማቂው፣ ልጣጩና ዘሩ አንድ ላይ ታንከር ውስጥ ይገባሉ። እርሾው ስኳሩን ይበላል፤ አልኮል፣ ሙቀትና ጋዝ ያወጣል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ገደማ ስኳር 1 ዲግሪ (1 በመቶ) አልኮል ይሆናል።

ቀይ ወይን ቀለሙን የሚያገኘው ከልጣጩ ነው። ጋዙ ግን ልጣጩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ታንከሩ አፍ ላይ ወፍራም ክዳን ይሠራል። ካፔሎ ይሉታል። ይሄ ክዳን ደርቆ ከቆየ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ስለዚህ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ከሥር ያለውን ጭማቂ በፓምፕ ስበው ከላይ ያፈሱበታል። ሪሞንታጆ ነው፤ አንቺም የምታግዣቸው እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ጎማውን ይዘሽ ክዳኑን ሁሉ አዳርሺ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አታፍስሺ። ሙቀቱንም እዪ። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ 35 ከተጠጋ እርሾው ይዝላል፣ መፍላቱም ሊቆም ይችላል። የገማ እንቁላል ከሸተተሽ ወዲያው ተናገሪ። እርሾው ተቸግሯል ማለት ነው፤ በጊዜ አየር ካገኘ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

በየቀኑ በዴንሲሜትሮ፣ ማለትም በጭማቂ ጥግግት መለኪያ፣ ይለካሉ። ገና ጭማቂ እያለ 1090 አካባቢ የነበረው ቁጥር ስኳሩ ሲያልቅ ከ1000 በታች ይወርዳል። እኛ ቤት ይህ ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፋል። እነሱም ካላቸው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ምን እየተሠራ እንደሆነ ከማንም ገለጻ በላይ ደብተሩ ይነግርሻል።

ቀጥሎ የምጽፈውን ግን እባክሽ ሁለቴ አንብቢው።

አንድ ሊትር ጭማቂ ሲፈላ ከ40 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ አይታይም። ከአየር ስለሚከብድ ታንከር ውስጥና ወለል ላይ ይተኛል። መፍላቱ ሲያልቅ ወይኑ ከሥር ይቀዳና የቀረው ልጣጭ በአካፋ ይወጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ሰዓት ይሄ ነው። ታንከር ውስጥ የገባው ይወድቃል፣ እሱን ለማዳን የገባውም ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ካላብሪያ፣ ፓኦላ ውስጥ በዚህ ጋዝ 4 ሰው በአንድ ጊዜ ሞቷል። ሻማ ለኩሰን እናያለን የሚሉ አሉ፤ ሻማ አይበቃም። የጋዝ መለኪያ፣ ማራገቢያ፣ ገመድና ውጭ የቆመ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚገባውም ለዚህ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ግቢ ቢሉሽ እምቢ በዪ። የቱንም ያህል ደግ ሰዎች ቢሆኑ ይሉኝታ አይያዝሽ። ሰው ወድቆ ብታዪ ተከትለሽ አትግቢ። ጩኺ፣ 112 ደውዪ፣ በሩን ሁሉ ክፈቺ።

ቀሪውን ቶሎ ልበል። ልጣጩ በመጭመቂያ ቀስ ተብሎ ይጨመቃል፤ ከዚያ ፈቃድ ወዳለው ማጣሪያ ፋብሪካ ይሄድና ግራፓ የሚባል ጠንካራ መጠጥ ይወጣዋል። ወይኑ ደግሞ ሁለተኛ ለውጥ ያደርጋል። ጎምዛዛው አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ይቀየራል። ባርቤራ በተፈጥሮው አሲዱ ብርቱ ነው፤ ይሄ ለውጥ ካልመጣ ጥርስ ያጠርሳል። ከዚያ አተላው እየቀረ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይገለበጣል፣ ይቆያል። ባርቤራ ዳስቲ ሱፔሪዮሬ ለመባል ቢያንስ 14 ወር፣ ከዚያ ውስጥ 6ቱን በእንጨት በርሜል። ጎረቤታችን ባሮሎ የሚባለው ወይን ደግሞ 38 ወር፣ 18ቱን በእንጨት።

በሥራ ብዛት ግን ሁሉንም የሚበልጠው እጥበት ነው። ሳጥን፣ ፓምፕ፣ ጎማ፣ ወለል። በየምሽቱ። አትናቂው፤ ትናንት ያልታጠበ ጎማ የዛሬውን ወይን ያበላሻል።

ቬሮና_ማዶ፦

የአስቲዋ ብልሽት ስለ መለየት ያለችው እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል። የምሠራው ቬሮና አጠገብ፣ ቫልፖሊቼላ ነው። አማሮኔ ለሚባለው ቀይ ወይን የተለቀመ ፍሬ ወዲያው አይጨመቅም። ኮርቪና፣ ኮርቪኖኔና ሮንዲኔላ ከሚባሉት የወይን ዓይነቶች ፍሬያቸው ሳሳ ያለ ጤነኛ ዘለላዎች ብቻ ይመረጡና በአንድ ንጣፍ ይደረደራሉ። ንፋስ በሚገባው ሰገነት ላይ እስከ ዲሴምበር፣ አንዳንዴም እስከ ጃንዋሪ ይደርቃሉ። ሲሶ የሚሆን ክብደታቸውን ያጣሉ። እስቲ አስቢው፤ አንድ የተሰነጠቀ ፍሬ ያን ያህል ጊዜ ሲቀመጥ ጎረቤቶቹን ሁሉ ያበላሻል። እኛ ጋ ዘለላ እንደ እንቁላል ነው የሚያዘው። እኔ ደግሞ ሁሌ የምወደው ሽታውን ነው፤ ኖቬምበር ላይ ሰገነቱ ዘቢብ ዘቢብ ይላል።

ሚላኖ_07፦

ስለ ውል እኔ ልጨምር። ጥሩ ሰዎች ናቸው ብለሽ ያለ ውል አንድ ቀንም አትልቀሚ። ዘመዶቻቸው ሊያግዟቸው ይችላሉ፤ አንቺ ግን ዘመድ አይደለሽም። አሠሪው መቀጠርሽን ሥራ ከመጀመርሽ አንድ ቀን በፊት ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። የማረጋገጫውን ቅጂ ጠይቂ።

ቡስታ ፓጋሽን (የደሞዝ ወረቀትሽን) ሰብስበሽ አስቀምጪ። የተጻፈው ቀንና የሠራሽው ቀን አንድ መሆኑን አረጋግጪ። ጥቅሙ በኋላ ነው። የእርሻ ሠራተኛ የሥራ አጥ ክፍያ ለማግኘት ከሚጠየቁት መስፈርቶች አንዱ በሁለት ዓመት ውስጥ የተመዘገበ 102 የሥራ ቀን ነው። ማመልከቻው ኢንፕስ (የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) የሚገባው እስከ ማርች 31 ነው። ፓትሮናቶ (ለሠራተኞች እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያስፈጽም) ቢሮ ሄደሽ አማክሪያቸው።

መሃል የሚገባ ደላላ ካለ ደግሞ ተጠንቀቂ። «እኔ አደርስሻለሁ፣ ለመኪና ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ» የሚል። ካፖራላቶ፣ ሕገወጥ የሠራተኛ ድለላ የሚባለው፣ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ ቁጥር 199 ደላላውን ብቻ ሳይሆን አሠሪውንም ይቀጣል። እኔ በደላላ በኩል አንድ ወቅት ሠርቼ ግማሹ ቀን ሳይመዘገብልኝ ቀርቷል። እስካሁን ያናድደኛል። ያ ሁሉ ድካም ወረቀት ላይ የለም።

አዲስ_ገቢ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ስለ ጋዙ ያልሽው አስደንግጦኛል፤ ለማንኛውም ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጠይቅ። የሚለቀምበትን ቀን ማን ነው የሚወስነው? መጀመሪያ ሰኞ አሉኝ፣ ከዚያ ሐሙስ፣ አሁን ደግሞ «እናያለን» እያሉኝ ነው። ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆን?

የአስቲዋ፦

አይደለም እህቴ፣ እንዲያውም መግፋታቸው ጥሩ ምልክት ነው። ወይኑን እየጠበቁት ነው። ከየረድፉ ፍሬ ቀንጥሰው ይጨምቁና ስኳሩን ይለካሉ። እዚህ መለኪያው ባቦ ነው፤ 20 ባቦ ወደ 13 ዲግሪ አልኮል ገደማ ይሰጣል። ስኳሩ ብቻ ግን አይበቃም። ፍሬውን አፍሽ ውስጥ አፍርጠሽ ዘሩን እዪው። አረንጓዴ ከሆነና ሲነከስ ምላስ የሚያደርቅ ከሆነ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ ቀጭ ካለ ደርሷል። እኔ ያለሁበት ቤት ኖኖውና ልጃቸው በየዓመቱ በዚህ ይከራከራሉ። ልጅየው ቁጥሩን ያምናል፣ እሳቸው ዘሩን። በድርቁ ዓመት፣ በ2022፣ ስኳሩ ቶሎ ወጣ፤ ዘሩ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ያኔ እሳቸው «አንነካውም» አሉ፣ ተጠበቀ። የዚያ ዓመት ባርቤራ አሁንም ለእንግዳ የሚከፈተው ነው።

ዝናብ ከጣለም አይለቀምም። ውሃው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ጭማቂውን ያቀጥነዋል፣ ሻጋታም ይጠራል። ጤዛው እስኪደርቅ የሚጠበቅበት ጠዋትም አለ። ስለዚህ ዝናብ የጣለበት ቀን ክፍያሽ እንዴት እንደሚሆን አሁኑኑ ጠይቂያቸው። ማደሪያም ጠይቂ። «ነገ እንጀምራለን» የሚሉሽ ማታ ነው፤ ከቶሪኖ በየቀኑ እመላለሳለሁ ካልሽ አይሆንልሽም።

መቀሱን ደግሞ ራስሽ ግዢ። ጫፉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ወፍራሙ የቅርንጫፍ መግረዣ መቀስ ዘለላ ሆድ ውስጥ አይገባም። ማታ ማታ በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ አለበለዚያ ስኳሩ ደርቆ ጠዋት አልከፈት ይልሻል።