ሪሲቨሬ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ አልነሳ አለኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ጀምሮ የዲሽ ሪሲቨሬ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይነሳም። ከፍቼ ሳየው ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ላይ አንዷ ካፓሲተር (ቻርጅ የምትይዝ ትንሽ እቃ) አናቷ አብጧል፣ 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት ትላለች። ሰፈር ያለው ጠጋኝ ቦርዱ ሞቷል ሌላ ግዛ አለኝ። ቤት ያገኘሁት 16 ቮልት ነው፣ ይሆናል?

መልስ 1፦
ይሆናል እንጂ! ማይክሮፋራዱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሟ) አንድ ይሁን፣ ቮልቱ ከፍ ቢል ችግር የለውም ዝቅ እንዳይል ብቻ። ከተገኘ 105 ዲግሪ የሚለውን አድርግ፣ 85ቱ ሙቀት ላይ ቶሎ ይሞታል። መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው፣ ገልብጠህ ከበየድካት ትፈነዳለች፣ እኔ አንዴ አድርጌው እናቴ ጥይት መስሏት ጎረቤት ጠርታ ነበር ሃሃ

መልስ 2፦
ወንድሜ ትልቁን የ400 ቮልት ካፓሲተር ግን ተጠንቀቅ፣ ከሶኬት ነቅለኸውም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መልቲሜትርህን (የኤሌክትሪክ መለኪያህን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርገህ ለካው፣ ወደ ዜሮ ካልወረደ እጅህን እንዳታስገባ።

ጠያቂው፦
ተነሳ!! ከአሮጌ ዲቪዲ የነቀልኳት ናት፣ ለጊዜው ትስራ አዲስ እስክገዛ። ለካ ቦርዱ ምንም አልሆነም