ከኦራክል ዲቢኤነት ወደ ዳታ ኢንጂነሪንግ፦ የቱን ላስቀድም?

ሰላም ለሁላችሁ። ባንክ ውስጥ ለዓመታት የኦራክል ዲቢኤ (የዳታቤዝ አስተዳዳሪ) ነኝ፤ የአርማን (RMAN፣ የኦራክል የመጠባበቂያ መሣሪያ) ባክአፕ፣ ዳታ ጋርድ (ተጠባባቂ ቅጂ ዳታቤዝ)፣ የዘገየ ኩዌሪ ማስተካከል፣ ሌሊት የሚደወል ስልክ። ወደ ዳታ ኢንጂነሪንግ (ዳታን ከምንጩ አምጥቶ ለትንተና ወደ ማዘጋጀት ሥራ) መዞር ፈልጌያለሁ። ኤስኪውኤል በደንብ እችላለሁ፤ ፓይተኔ ግን ከአጫጭር ስክሪፕት አያልፍም።

ለማሳያ እንዲሆነኝ የኦራክልን ለውጦች በደቤዚየም (የዳታቤዝ ለውጥ ተከታታይ መሣሪያ) አንብቦ በካፍካ (የመልእክት ማስተላለፊያ) በኩል ወደ ፖስትግሬስ (ሌላ ዳታቤዝ) የሚያደርስ ፓይፕላይን ላፕቶፔ ላይ ሠርቻለሁ። አፕዴት በተደረገ ረድፍ ላይ ያልተነኩት ኮለሞች ባዶ ሆነው ይመጡ ነበር፤ ለቴብሉ ሰፕልሜንታል ሎጊንግ (ኦራክል በለውጥ መዝገቡ ላይ ተጨማሪ ኮለሞችን እንዲጽፍ የሚያደርግ ቅንብር) በሁሉም ኮለሞች ላይ ሲከፈት ተስተካከለ። (እዚህ ላይ ዲቢኤነት ይጠቅማል።)

ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ይህን የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ስለ ስፓርክ (ትልቅ ዳታ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ፓርቲሽን፣ ማለትም ዳታው ስለሚከፋፈልባቸው ክፍሎች፣ እና ስለ ስታር ስኬማ (ለትንተና የሚመች የቴብሎች አደረጃጀት፤ የዳይሜንሽናል ሞዴሊንግ ዋና ቅርጽ) ነው፤ እኔ የለመድኩት ደግሞ ኖርማላይዝ የተደረገ (መረጃ እንዳይደጋገም በብዙ ቴብሎች የተከፋፈለ) የግብይት ዳታቤዝ ነው። ከሥራ በኋላ ያለኝ ጊዜ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ደመወዜ ሳይወርድ ለመሻገር የቱን ላስቀድም፦ ስፓርክን ወይስ ዳይሜንሽናል ሞዴሊንግን?