የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ስለ በልጉ ምን ብለን እንጻፍ?

ጸሐፊ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኩሬው፣ እርከኑና የዘር ማከማቻው ላይ ተስማምተናል። የቀረን «የወደፊቱ የአየር ንብረት» የሚለው ገጽ ነው። አሁን ያለው ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2050 የወሎ በልግ በስንት ሚሊሜትር እንደሚቀንስ ቁርጥ አድርጎ ያስቀምጣል። እኔ ይውጣ ባይ ነኝ።

ከኮምቦልቻ፦ ለምን? ከታወቀ ሞዴል፣ ማለት የአየር ንብረትን በኮምፒውተር ከሚያሰላ ፕሮግራም የተወሰደ ነው እኮ። ገንዘብ ሰጪ ደግሞ ቁጥር ካላየ ፊቱን ያዞራል።

ከለጋምቦ፦ ኸረ በልጉ መዛባቱን ለማወቅ ሞዴል አያስፈልግም! እኛ ደጋ ላይ ገብሱን የምናገኘው በበልግ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ካልዘነበ፣ ክረምቱ ቢንዠቀዠቅም ውርጩና ጭቃው ብዙ ማሳ አያስበላም። ይቀንሳል ተብሎ ቢጻፍ ምን ይጎዳናል?

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ሌላ ሞዴል ብንመርጥ ይጨምራል ሊለን ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሲያንስ ታይቷል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ተመራማሪዎቹም እየተከራከሩበት ነው። ሌላው ደግሞ የዓለም ሞዴሎች መሬቱን በካሬ ነው የሚከፍሉት፤ የአንዱ ካሬ ጎን ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከፍታቸው ከ500 ሜትር በላይ ይለያያል፤ አንድ ካሬ ውስጥ ግን ከነጦሳ ተራራ ተጨፍልቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ።

ከኮምቦልቻ፦ እሺ፣ የሁሉንም አማካይ እንውሰዳ።

ጸሐፊ፦ እሱ ይብሳል። ግማሾቹ ይጨምራል፣ ግማሾቹ ይቀንሳል ካሉ አማካዩ «ለውጥ የለም» ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞዴል ግን የለም።

ከሐይቅ፦ ታዲያ «አናውቅም» ብለን ብር ልንጠይቅ ነው? አብሽሩ ብለው ይሸኙናላ።

ጸሐፊ፦ ሃሃ፣ አይ እህቴ፣ የሚታወቀውን ለይተን እንጽፋለን። ሙቀት ላይ ሁሉም ሞዴል ይጨምራል ይላል፤ ክርክሩ በስንት ነው። እ.ኤ.አ. የ2021ዱ የአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ጉባኤ) ሪፖርት በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው፣ የጋዝ ልቀቱ በጣም ከቀነሰ 1.4፣ በጣም ካሻቀበ 4.4 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል ይላል። ይህ ልዩነት በብዛት የሚሰፋው ከ2050 በኋላ ስለሆነ ለእኛ ኩሬ ያን ያህል አያሳስብም። እኛን የሚያስቸግረን የሞዴሎቹ አለመስማማትና ዝናቡ ራሱ ከዓመት ዓመት መዋዠቁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልኒኞ (የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መጨመር) ክረምቱን ምን እንዳደረገብን የረሳ የለም። ደግሞ አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል፣ ስለዚህ ጠቅላላው ዝናብ ቢያንስ እንኳ ሲወርድ ዶፍ ሊሆን ይችላል። ለድርቅ ብቻ ታስቦ የተሠራ ኩሬ በአንድ ጎርፍ ይሄዳል። የትርፍ ውሃ መውጫ ይኑረው።

ከለጋምቦ፦ አሁን ገባኝ። ዘሩም ላይ እንደዚሁ ይሁን፤ ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ ብቻ ሳይሆን ቆይቶ የሚደርሰውንም እናስቀምጥ፣ በልግ ያማረለት ዓመት የሚያዋጣው እሱ ነው። ግን መውጫው ድንጋይና ግንበኛ ይፈልጋል፣ በጀቱ ላይ አላየሁትም።

ከኩታበር፦ እኔ የምለው፣ ስለ 2050 እንከራከራለን፣ ባለፈው ሚያዝያ በየቀበሌያችን ስንት እንደዘነበ ግን የጻፈ አለ? ሞዴሉ ልክ ይሁን አይሁን የሚፈተሸው በተለካ ዝናብ ነው። በየትምህርት ቤቱ አንድ የዝናብ መለኪያ ይተከል፣ ተማሪዎች በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይመዝግቡ። ብዙ ወጪም የለውም።

ከሐይቅ፦ እደግፋለሁ። በክረምት እረፍት ማን እንደሚመዘግብ ግን ይታሰብበት፣ ዋናው ዝናብ ያኔ ነው።

ጸሐፊ፦ ልክ ነው፣ የግብርና ባለሙያው እንዲይዘው እንጠይቃለን። አዲሱን ገጽ ሐሙስ ማታ እለጥፋለሁ። ጋሼ፣ የድንጋይና የግንበኛ ዋጋ ይላኩልኝ፤ የመለኪያውን ከኩታበር እጠብቃለሁ። ኮምቦልቻ፣ የዝናቡ ቁጥር ይወጣል፣ ቅር ካለህ ተናገር።

ከኮምቦልቻ፦ ቅርማ ብሎኛል፣ ግን ይውጣ። የሙቀቱን ቁጥር ከላይ አድርገው ብቻ፣ እነሱ የመጀመሪያውን ገጽ ነው የሚያነቡት።