ጎርጎራ፣ ጣና ሐይቅ ዳር፣ መብራቱ እስኪነጋ ይብራ?

መምህሩ (አዘዞ)፦ እኔ አይብራ ባይ ነኝ። ዓሣ ብርሃን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ተመራማሪዎች የዜብራ ዓሣን ልብና ኩላሊት አውጥተው በሳህን አቆዩ። ዓይን የለ፣ አንጎል የለ። ብርሃኑ ሲበራና ሲጠፋ ግን ሁለቱም ቀንና ሌሊት የሚለዩበትን የውስጥ ሰዓታቸውን በእሱ አስተካከሉ! ብርሃን የሚቀበሉት ኦፕሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ዜብራ ዓሣ 42 የኦፕሲን ጂን አለው፤ ለማየት የሚያገለግሉት 10ሩ ብቻ ናቸው።

ባለምግብ ቤቷ (ጎርጎራ)፦ መምህር፣ አክብሬዎት ነው። ማታ ስንዘጋ ሠራተኞቼ በጨለማ ነው ወደ ቤት የሚገቡት። ሴት ልጆች ናቸው። ሰው ይቅደም እንጂ! ደግሞ እኔ የምጠብሰው ቀረሶ ነው፣ ዜብራ አይደለም።

የባለታንኳው ልጅ፦ እኔም መብራት አልጠላም። ግን አባቴ መረቡን ማታ ጥሎ ጠዋት ነው የሚያወጣው። ዓሣው የሌሊቱን ጨለማ ያውቀዋል።

መምህሩ፦ እትዬ፣ ስለ ልጆቹ ያሉት እውነት ነው። መንገዱ ይብራ፤ ውሃው ነው የሚያሳስበኝ። ነገሩም የአንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ፐርች በሚባል ዓሣ ላይ ሌሊት 1 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ብርሃን ብቻ ሲበራ፣ ሌሊት የሚመነጨው ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ቀነሰ። ሙሉ ጨረቃ ራሷ 0.3 ሉክስ ገደማ ናት። ጎረቤታችን ሶማሊያ ደግሞ ከመሬት በታች የሚኖር ዕውር ዓሣ አለ። ሁለት ኦፕሲኖቹ ተበላሽተዋል፤ ሰዓቱ ለብርሃን መልስ አይሰጥም፣ በምግብ ሰዓት ግን ይስተካከላል። ከጨለማ ወጥቶ ስለማያውቅ አልጎዳውም። የጣና ዓሣ ግን ፀሐይ ወጥታ የምትጠልቅበት ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ነጭ ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ ቀን የመሰለ ሌሊት እንዲጠብቀው አልፈልግም።

ተማሪዋ (ማራኪ)፦ ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ኮፍያ ያለው መብራት አይሆንም? ብርሃኑ መሬት ላይ ብቻ እንዲወድቅ። ውሃውን የሚያዩት አምፖሎች ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይጥፉ።

የባለታንኳው ልጅ፦ ይሄ ይስማማኛል። ማሰሪያው ጋ አንድ ትንሽ መብራት ትቅር፤ ታንኳ ስናወጣ እንዳንሰናከል።

ባለምግብ ቤቷ፦ ኮፍያው ይሁን። ከእኔ ቤት እስከ አስፋልቱ ግን አንድም አምፖል እንዳይጠፋ። ይሄ በጽሑፍ ይግባልኝ።