አዳማ ውስጥ ለእናት የሚሆን መጦሪያ፦ ምን አይቼ ልምረጥ?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ የአዳማ ሰዎች። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምትኖረው። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። አእምሮዋ ደህና ነው፣ ምላሷማ እንደ ድሮው ስል ነው። እስካሁን የምታያት ልጅ ልታገባ ስለሆነ በቅርቡ ትወጣለች። እኔ ሥራዬ አዲስ አበባ ነው፣ በፈጣኑ መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ውጭ ያለው ወንድሜ "ብሩን እኔ እልካለሁ፣ አንቺ ጥሩ መጦሪያ ፈልጊ" ይላል። አክስቴ ይህን ስትሰማ "እህቴን የወላድ መካን ልታደርጓት ነው?" ብላ ቤቱን በለቅሶ አናጋችው።

አንድ የግል ቦታ ሄጄ አይቻለሁ። ግቢው አበባ በአበባ ነው፣ ሴራሚኩ ያብለጨልጫል፣ ሰዎቹም ሻይ ጋብዘው አስጎበኙኝ። ከዚያ ሌላ ምን መታየት፣ ምን መጠየቅ አለበት? ያለፈበት ሰው ይንገረኝ።

ሲስተር ነኝ፦
እህቴ፣ ሴራሚኩን ተይው። መጀመሪያ "ሌሊት ማን አለ?" ብለሽ ጠይቂ። ቀን ቀን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የትም ይሞላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን ለስንት አረጋዊ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ከእነሱ ውስጥ ነርስ አለች ወይስ የሚያድረው ዘበኛው ብቻ ነው፣ እሱን በደንብ አጣሪ። ቦታው ከጤና ቢሮ ፈቃድ ካለው አሳዩኝ በይ፣ የነርሶቹንም የሙያ ፈቃድ እይ። እውነተኛ ከሆኑ አይከፋቸውም።

ሁለተኛው የአልጋ ቁስል ነው። ጎኗ የማይታዘዝላት ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለባት። "እናገላብጣለን" ሁሉም ይላል፣ ስለዚህ የሚመዘግቡበትን ወረቀት ጠይቂ። ከቻልሽ ከቤተሰብ ፈቃድ ጠይቀሽ የአንዷን አረጋዊት ተረከዝና የወገብ ታች እይ። ቀልቶ ሲጫኑት ቅላቱ የማይጠፋ ቆዳ ካየሽ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። እዚያ ላይ በስፒሪት የሚያሹ ካሉማ ከዚያ ግቢ ውጪ፣ ስፒሪት ቆዳውን ያደርቀዋል እንጂ አይፈውሰውም፣ የቀላ ቦታ ራሱ መታሸት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ኢንሱሊኑን የሚወጋትና ምግቡን የሚያቀርብላት ሰው ይነጋገራሉ ወይ? እናትሽ ጾመኛ ከሆነች ይሄ ነገር ቀላል አይደለም። ጠዋት ተወግታ እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ የምትቆይ ባልቴት ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። የንስሐ አባቷን አነጋግሩ፣ ለበሽተኛ ይፈቅዳሉ። የአዳማን ሙቀት ደግሞ አትርሺ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂ። ጄኔሬተር አለን ካሉሽ አስነሱት በያቸው፣ ነዳጅ የሌለው ጄኔሬተር ብዙ ነው።

ባጃጅ ሹፌሩ፦
እኛ አባታችንን አዲስ አበባ አንድ ቦታ አስገብተን ነበር፣ ስሙ ይቅር። በቀጠሮ ስንሄድ ሁሌ ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ለብሶ ነው የምናገኘው። አንድ ቀን ጭነት አድርሼ ስመለስ ሳልነግራቸው ጎራ አልኩ። ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሁሉም እራት በልተው ተኝተዋል! ለካ ሠራተኞቹ 12 ሰዓት ስለሚወጡ ሽማግሌዎቹን ቀድመው ያስተኟቸዋል። አባቴ እስከ ንጋት ዓይኑን እያቁለጨለጨ ነው የሚያድረው። የለበሰው ጋቢ እንኳን የሱ አልነበረም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ናት፣ ሳትደውዪ ሂጂ። በራት ሰዓት ሂጂ። "ያለ ቀጠሮ አይገባም" ካሉሽ መልሱን አግኝተሻል።

ቅን ሰው፦
መቄዶንያ ለምን አታስገቢያትም? እነ ቢኒያም በለጠ እኮ ብዙ አረጋውያን ይዘዋል።

ባጃጅ ሹፌሩ፦
ወንድሜ፣ እሱ ጧሪ ቀባሪ ለሌለው፣ ከጎዳና ለሚነሳ ሰው ነው። ልጆቿ እያሉላት ቦታ አታሻሟቸው፣ ይልቅ ብር ላኩላቸው።

እትዬ የሰፈሩ፦
ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ስልክ መነካካት የልጅ ልጄ ነው ያስለመደኝ። የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩት። አክስት አለች፣ ወንድም አለ፣ ሲስተሯ አለች። እናትሽስ ምን አለች? አእምሮዋ ደህና ነው ብለሻል እኮ። ለጉብኝት እሷን ይዘሻት ሂጂ፣ በዊልቸርም ቢሆን። እንደኔ ከሆነ ደግሞ ቤቷ ሆና ብትጦር ይሻላል። እዚያ የቡና ጎረቤት አላት፣ እድርተኛ አላት፣ የለመደችው ደወል ይሰማታል። ወንድምሽ ለመጦሪያ በሚልከው ብር ሁለት ሴት ቅጠሩ፣ አንዷ ቀን አንዷ ሌሊት። ለአንድ ሰው ብቻ ከተጣለማ ያቺም ሰው ናት፣ እንቅልፍ ያጣች ልጅ ትነጫነጫለች። ደላላ ያመጣውን ዝም ብለሽ አትቀበዪ፣ ዋስ ያዢ፣ መታወቂያዋን ቅጂ።

ሲስተር ነኝ፦
በእትዬ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ሴቶች ነርስ ስላልሆኑ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ቤት ድረስ የምትመጣ ነርስ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን አወጋግ፣ አገላበጥ፣ አመጋገብ ታሳያቸዋለች። በተለይ አመጋገቡን። ስትሮክ የመታው ሰው ተንጋሎ ሲጎርስ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነው መብላት ያለባት፣ ከበላችም በኋላ ቶሎ አትተኛ። አንድ ደብተር ግዢና የስኳሯን ልክ፣ የወሰደችውን መድኃኒት፣ የተገላበጠችበትን ሰዓት ይጻፉበት። ቅዳሜ ስትመጪ መጀመሪያ ደብተሩን ክፈቺ።

የእማዬ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እትዬ እንዳሉት ዛሬ ደውዬ ጠየቅኳት። "ቦታው ቡና ይፈላበታል? ማርያም ስትሆንስ ያደርሱኛል?" አለችኝ፣ ቀጥሎ "ለወንድምሽ ንገሪው፣ እኔ ዕቃ አይደለሁም፣ አይቼ ነው የምገባው" ብላ ዘጋችው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ቦታ አብረን እናየዋለን፣ ከዚያ በፊት ግን እኔ ብቻዬን በራት ሰዓት ብቅ እላለሁ። ጎን ለጎን ሁለት ሴት መፈለግ ጀምሬያለሁ። አዳማ ውስጥ ቤት ለቤት የምትሠራ ጠንካራ ነርስ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ከቦኩ፦
ነርሷ ከተገኘች እኔንም ንገሩኝ። አባቴ ሴት አታጥበኝም ብሎ አስቸግሮናል፣ ወንድ ነርስ ቢሆን ይመረጣል።